መርሳን አልፎ ሲሪንቃ

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲጓዙ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን ካለፉ በኋላ መርሳን ያገኛሉ። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ማንጎና ፓፓያ መንገድ ዳር የሚደረደርባት ሞቅ ያለች ከተማ። ልጆች ሳለን ስሟ ያስቀን ነበር። «መርሳን ስታልፉ ስማችሁን እንዳትረሱ!» እያለ አጎቴ ይቀልድብን ነበር። ባለፈው ጥር ግን የሚኒባሱ ረዳት «መርሳ ወራጅ!» ብሎ ሲጣራ ሳቄ አልመጣም። ከመርሳ ቀጥላ በምትገኘው ሲሪንቃ የምትኖረው አያቴ እኔን በስሜ መጥራት ካቆመች ስምንት ወር ሆኗት ነበር።

ቤተሰቡ የላከኝ ለጥየቃ ብቻ አልነበረም፤ ለግምገማ ጭምር ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሁለት ምርት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር፣ ነጥብ መስጠት፣ ለአለቃ ማቅረብ የዘወትር ተግባሬ ነው። አሜሪካ የሚኖረው ትልቁ አጎቴ በስልክ፣ «እዚህ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚጦሩበት ቤት አለ፤ አዲስ አበባም ተከፍቷል ይላሉ። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ አንቺ መርጠሽ አስገቢያት» አለኝ። እናቴ ዝም አለች። ሲሪንቃ ከአያቴ ጋር የምትኖረው አክስቴ ደግሞ ይህን ስነግራት ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። ከኀዘን ይሁን ከእፎይታ ያኔ አልገባኝም። እኔም ኮምፒውተሬ ላይ አዲስ ሠንጠረዥ ከፍቼ ከላይ «እማማ» ብዬ ጻፍኩ።

እርስዎም እንዲህ ያለ እናት፣ አባት ወይም አያት ይኖርዎት ይሆናል። ከሌለዎትም ጎረቤትዎ ቤት ሳይኖሩ አይቀሩም። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርዎ።

ሦስተኛው ጨው

የእማማ ነገር የጀመረው በቡና ነው። እኛ አገር ቡና በጨው መጠጣት ያለ ስለሆነ፣ ጨው ስትጨምር ማንም ልብ አላለም። አክስቴ የነቃችው በአንድ ጀበና ሦስት ጊዜ ስትጨምር ባየች ጊዜ ነው። ከዚያ እማማ ወፍጮ ቤት ሄዳ የመመለሻው መንገድ ጠፋት። ከዚያ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ለሆነው አያቴ ምሳ ቋጥራ፣ «እርሻ ላይ ነው፤ አድርሱለት» አለች።

የሰፈሩ ሰው «ጃጅታለች» አለ። ቃሉ ክፋት የለበትም፤ ግን በሩን ይዘጋል። «ጃጀች» ካልን በኋላ ሐኪም ቤት የሚወስዳት የለም፤ እርጅና ነዋ! እኔም ራሴ እንዲያ አስብ ነበር። ሐኪሞች ግን ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት ችግር የእርጅና ወግ ሳይሆን የአንጎል በሽታ መሆኑን ይናገራሉ። በጣም የተለመደው ዓይነት አልዛይመር ነው፤ ከመቶው ከ60 እስከ 70 እጁን ይይዛል። ስሙን ያገኘው በ1906 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአንዲት ታማሚውን ሁኔታ ለሙያ ባልደረቦቹ ካቀረበው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ከእነዚህ ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት ያሉት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በሽታው የሀብታም አገር ነው የሚለው ወሬ እንግዲህ እዚህ ላይ ይቀራል።

ብሮሹር ስለ ሌሊት አይናገርም

ወደ ሰሜን ከመሄዴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በክፍያ አረጋውያን የሚጦሩበትን አንድ ቤት ጎበኘሁ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ጉብኝቴ በቀጠሮ ነበር። ግቢው ጽጌረዳ ተተክሎበታል፤ አንሶላው ነጭ ነው፤ ኃላፊዋ ትሑት ናቸው። የሚያምር ብሮሹር ሰጡኝ። ሽፋኑ ላይ አንዲት እናት ከአስታማሚዋ ጋር እየሳቁ ነው። እኔ ራሴ ብሮሹር የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ያ ፎቶ ከስንት ሙከራ በኋላ እንደሚገኝ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ልቤ ሄደ። ሠንጠረዤ ላይ ንጽሕና 9፣ አቀባበል 9፣ ግቢ 8 ብዬ ሞላሁ።

አንድ ጥያቄ ግን ብሮሹሩ ላይ መልስ አልነበረውም። «ሌሊት ስንት ሰው ያድራል?» አልኳቸው። ኃላፊዋ ትንሽ ዘግየት ብለው፣ «አንድ አስታማሚና አንድ ጥበቃ» አሉኝ። ነዋሪዎቹ 18 ናቸው።

ከሳምንት በኋላ ሳልቀጠር ሄድኩ፤ ሆን ብዬ በ11 ሰዓት። የመርሳት ችግር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ፤ አንድ ቤት እውነተኛ መልኩን የሚያሳየው በዚያ ሰዓት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ማንም በማይሰማው ቋንቋ ፊልም ያሳያል። አንዲት እናት በየደቂቃው እየተነሱ ወደ በሩ ይሄዳሉ፤ «ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው» ይላሉ። ጥበቃው፣ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ልጆችዎ ትልልቅ ናቸው» እያለ ይመልሳቸዋል። ልክ ነው፤ ግን እሳቸው አልሰሙትም። ከዚያ አንዲት ወጣት አስታማሚ መጥታ ጎናቸው ቁጢጥ አለችና፣ «ልጆቹ ስንት ናቸው? ሲመጡ ምን ይወዳሉ?» አለቻቸው። «ንፍሮ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። እጃቸውን ይዛ ስለ ንፍሮ እያወሩ ተመለሱ።

ያቺን ልጅ ሠንጠረዤ ላይ 10 ሰጠኋት። በር ላይ ስትሸኘኝ፣ ትናንት ጠዋት እንደገባችና ገና እንዳልወጣች ነገረችኝ። ለቤቱ የሰው ኃይል 3 ሰጠሁ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ የሚገዙት አልጋና ጽጌረዳ አይደለም፤ የሚገዙት የሰው ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ደግሞ እንቅልፍ ይፈልጋል።

ስለ አረጋውያን ማዕከል ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው በቢኒያም በለጠ የተመሠረተውንና «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚለው መሪ ቃሉ የምናውቀውን መቄዶንያን ነው። ነገር ግን መቄዶንያ የቆመው ጧሪና ቀባሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ለማንሳት ነው። እንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ፣ አሜሪካ ደግሞ አጎት ያለው ሰው፣ አያቱን እዚያ ላስገባ ቢል የሌላውን ቦታ መሻማት ነው። በበጎ አድራጎትና በውድ ቤት መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት የእኛ፣ የመካከለኛው ኑሮ ሰዎች፣ ሰፈር ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ገና ብዙ ቤት አልተሠራም።

ወደ ሰሜን

መንገዱን የሚያውቁት ያውቁታል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥተው የጣርማ በርን ዋሻ ሲያልፉ አገሩ ከእግርዎ ሥር ይዘረጋል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራብ ይወልቃል፤ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፈው ጠመዝማዛውን ወጥተው ደሴ ይገባሉ። እኔ ደሴ አደርኩ። በማግሥቱ ጠዋት ሐይቅ ላይ ውኃው ጭጋግ ለብሶ ነበር። ውጫሌ ስንደርስ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ትዝ አለኝ። አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል እንደነበር በትምህርት ቤት ተምረናል። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የአረጋውያን ቤቱን ውል አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። «መሠረታዊ እንክብካቤ» የሚል ሐረግ አለበት። ዳይፐር በዚያ ውስጥ ይገባል? ሐኪም ቤት ማድረስስ? ሌሊት መነሳትስ? አልተጻፈም። አስማርኩና በእስክሪብቶ አሰመርኩበት።

ሲሪንቃ ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደገኛው «ቆላ ነው» ይለዋል፤ ቆለኛው «ደጋ ነው» ይለዋል። ዋናው አስፋልት መሐሉን ሰንጥቆ ወደ ወልዲያ ያልፋል። የግብርና ባለሙያዎች ስሙን በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያውቁታል። አያቴ በሕይወቱ ሳለ እዚያ የመስክ ሠራተኛ ነበር። የማሽላ መደቦቹ ምልክት የተጻፈበት እንጨት ይተከልባቸዋል፤ አያቴ ማንበብ ባይችልም የትኛው ዘር የት እንዳለ ሳያይ ይናገር ነበር ይባላል። ለዚህ ቤተሰብ ትዝታ እንጀራ ነበር ማለት ነው።

እማማ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ስታየኝ ተነስታ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ። የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። የእናቴን ስም ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «እሷማ ገና ሕፃን ናት!» አለች። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞር ብላ፣ «ለእንግዳዋ ቡና አፍይላት» አለች። ቡናው እስኪፈላ ማሽላ በሰፌድ ታበጥር ጀመር። ገለባው በአንድ ወገን፣ ፍሬው በሌላው፤ አንዲት ጠጠር አላመለጣትም። ስሜን የረሳ አንጎል እጅን አልረሳም። በኋላ ሐኪሙ እንደነገሩኝ፣ በልምድ የተያዘ የእጅ ሥራ ከስምና ከቀን በኋላ የሚሄድ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ

ሲሪንቃም 11 ሰዓት ይሆናል። ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስትገባ እማማ ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች። «እንግዲህ መሸ፤ ቤቴ ልሂድ» አለች። አርባ ዓመት በኖረችበት ቤት ቆማ ነው። እኔ የአዲስ አበባው ጥበቃ ሆንኩና፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ቤትሽ ነው» አልኳት። ተቆጣች። «ውሸታም!» አለችኝ።

አክስቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን ደርባ እጇን ያዘቻት። ወጥተው በአጥሩ ዙሪያ ሄዱ፤ ጎረቤት ሰላም አሉ፤ በጓሮው በኩል ዞረው ተመለሱ። በር ላይ ሲደርሱ አክስቴ፣ «ይኸው ደረስን» አለች። እማማ «ተመስገን» ብላ ገባች። አክስቴ የሥልጠና ሰርተፊኬት የላትም፤ ትምህርቷም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ሴቶች ቡና ላይ ተሰበሰቡ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። እማማ አቦሉ ላይ የተናገረችውን ቶናው ላይ ደገመችው፤ በረካው ላይ ሰለሰችው። ሁሉም በየጊዜው አዲስ እንደሰማ ሰው «እውነትሽን ነው?» ይላል። ያን ስመለከት ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ዌስፕ በምትባል ከተማ በ2009 ስለተከፈተው ሆገዌይክ ስላነበብኩት አሰብኩ። እዚያ የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች ከስድስት እስከ ሰባት እየሆኑ በትንንሽ ቤቶች ይኖራሉ፤ ሱፐርማርኬት፣ ካፌና አደባባይ አለ። ሱቅ ነጋዴው ሳይቀር ስለ በሽታው የሠለጠነ ነው። ሰዎቹ ታማሚ ሳይሆኑ የመንደር ነዋሪ ሆነው እንዲውሉ በብዙ ገንዘብ መንደር ሠሩላቸው። እኛ መንደሩ አለን።

ይህን ጽፌ ልጨርስና «አያቶቻችንን ከቀያቸው አንንቀል» ብዬ ልሰናበትዎ እችል ነበር። ጥሩ ማስታወቂያ ይወጣዋል። ግን እንደነገርኩዎ ብሮሹር ስለ ሌሊት አይናገርም፤ ሲሪንቃም ሌሊት አለ።

ያው ሠንጠረዥ፣ ሌላ ቤት

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በድምፅ ነቃሁ። አክስቴ ፍራሿን በሩ ላይ አንጥፋ ትተኛለች፤ በሩ በገመድ ታስሯል። እማማ ገመዱን ለመፍታት እየታገለች ነበር። ከውጭ ከባድ መኪና ሲያልፍ ትደነግጣለች። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲመላለስ የሰማችው ድምፅ ከስሟ ይልቅ ጠልቆ ገብቷል፤ «መጡ?» ትላለች። አክስቴ «አልመጡም፤ አብሽሪ» ትላታለች። ያን ሌሊት አራት ጊዜ ተነሱ።

ጠዋት አክስቴን ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ጠየቅኳት። «ሁለት ዓመት» አለችኝ። ወልዲያ ገበያ በርበሬ ትነግድ ነበር፤ ትታዋለች። የደም ግፊት አለባት፤ ክኒኗን የምትወስደው ስታስታውስ ነው። ከዚያ እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣውን ተናገረች፦ «አንቺ የመጣሽው እሷን ልታዪ ነው። እኔንስ ማን ያየኛል?»

ሠንጠረዤን አወጣሁ። ለአዲስ አበባው ቤት ያወጣሁትን መስፈርት ሳልቀይር የአክስቴን ቤት መዘንኩ። በስም መጠራትና መከበር 10። ምግብ፣ ጸሎትና ቋንቋ 10። የሚሠሩት ነገር መኖሩ 9። የሌሊት ጥበቃ 2። አደጋ፦ ከደጃፉ አርባ እርምጃ ርቀት ላይ ከባድ መኪና የሚበርበት አስፋልት አለ፤ ምድጃው ክፍት ነው፤ ስለዚህ 1። የሕክምና ክትትል 1። የአስታማሚ ዕረፍት፦ ዜሮ። የአዲስ አበባውን ቤት «በአንድ አስታማሚ 18 ሰው» ብዬ ወቅሼዋለሁ። እዚህ አንዷ አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ትጠብቃለች፤ ግን ተረኛ የላትም፤ ደመወዝም፣ የዓመት ፈቃድም የላትም። «ቤተሰብ ይጦራል» ስንል ብዙ ጊዜ «አንዲት ሴት ትጦራለች» ማለታችን ነው።

ክኒኑ

በማግሥቱ ወልዲያ ወርደን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ትዝታዋ አይደለም። «የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አምጡ፤ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም» አሉ። አክስቴ ከመቀነቷ ፈትታ አወጣች። እንቅልፍ እንዲወስዳት ተብሎ ከአንድ መድኃኒት መደብር የተገዛ የማሳከክና የጉንፋን ክኒን ነበር። እንዲህ ያሉ አንዳንድ ክኒኖች ወጣቱን ያስተኛሉ፤ የአረጋዊን አንጎል ግን ይበልጥ ያደናግራሉ። ሐኪሙ አስቆሙት። ከዚያ የስኳር፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ አዘዙ፤ ጆሮዋን አይተው የደረቀ ኩክ አወጡላት፤ ሽንቷንም አስመረመሩ፤ በአረጋውያን ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ራሱን እንደ ድንገተኛ መደናገር አድርጎ ሊያሳይ ይችላልና።

ተአምር አልሆነም። እማማ ዛሬም የማን ልጅ እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች። ነገር ግን ክኒኑ በቆመ በሁለት ሳምንት መደናበሯ ቀነሰ፤ ጆሮዋ ሲከፈት ቡና ላይ መሳቅ ጀመረች። ይህን የምነግርዎ፣ ማንኛውንም ቤት ከመምረጥዎ በፊት ሐኪም ጋ ይሂዱ ለማለት ነው። መርሳት ከሚያመጡት ነገሮች አንዳንዶቹ የሚታከሙ ናቸው፤ ድብርትም አንዱ ነው። ለራስዎም ይሁን፦ በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት በዓለም ካለው ዲሜንሺያ ከመቶ 45 የሚሆነው 14 ነገሮችን በመቆጣጠር ሊከላከሉት ወይም ሊያዘገዩት የሚቻል ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የመስማት ችግርና ብቸኝነት ከአሥራ አራቱ ውስጥ ናቸው።

የደረስንበት

አጎቴ ጋ በቪዲዮ ደወልን። ሠንጠረዡን አሳየሁት። ረጅም ዝምታ ከሆነ በኋላ፣ «እና ገንዘቤ አያስፈልግም ነው የምትሉኝ?» አለ። «ያስፈልጋል፤ የሚሄድበት ቦታ ነው የሚለወጠው» አልኩት።

ለአዲስ አበባው ቤት ሊከፈል የነበረው ገንዘብ ግማሹ አሁን ሲሪንቃ ይገባል። አንዲት የሰፈር ሴት በወር ደመወዝ፣ በጽሑፍ ውል፣ በሳምንት አምስት ሌሊት ታድራለች። በአስፋልቱ በኩል ያለው አጥር ተጠግኖ በር ተገጠመለት፤ በጓሮ በኩል ያለው ተከፍቶ ይውላል፤ መዞር ትወዳለችና። የበሩ ገመድ ቀርቶ ሲከፈት የሚያቃጭል ቃጭል ተሰቀለ። ምድጃው ማጀት ገብቶ ይቆለፋል። የቤቱ መድኃኒት ሁሉ በአንድ ሣጥን፣ ቁልፉ በአክስቴ እጅ ነው። በእማማ እጅ አምባር ላይ ስልክ ቁጥራችን ተጽፏል። አዲስ አበባ እድር የምንለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ አክስቴ በቅሬው ስብሰባ ቆማ ነገሩን ሳታፍር ተናገረች። ለባጃጅ ነጂዎቹም ተነገረ፦ «ብቻዋን ካያችኋት አትጎትቷት፤ አብራችኋት ትንሽ ሂዱና ወደ ቤት መልሷት።» አክስቴ በየሳምንቱ ሁለት ቀን በርበሬዋን ትነግዳለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እናቴ ሄዳ ትተካታለች፤ እሷም አዲስ አበባ መጥታ ታርፋለች።

አንድ ነገር ግን ዘግይተንበታል። የእማማን የጡረታና የመሬት ጉዳይ በውክልና ለመጨረስ ስንሄድ፣ ውክልና የሚሰጠው ሰው የሚፈርመውን እስከተረዳ ድረስ ብቻ መሆኑ ተነገረን። ከዚያ በኋላ ነገሩ የፍርድ ቤት ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። እርስዎ ግን ወላጅዎ ዛሬ የሚናገሩትን እየተረዱ ከሆነ ዛሬውኑ ተቀምጠው ይነጋገሩ። ምን እንደሚፈልጉ፣ የት መኖር እንደሚመርጡ ራሳቸውን ይጠይቁ። እኛ እማማን ለመጠየቅ ጊዜ ነበረን፤ አፈርንና አለፈን።

የአረጋውያን ቤቱንም በር አልዘጋንም። ሌላ፣ አነስ ያለ ቤት ስሟን አስመዝግቤያለሁ። ከሦስት ነገሮች አንዱ ሲሆን እንደምንወስዳት ተስማምተናል፦ ለማንሳት ሁለት ሰው ስታስፈልግ፣ አክስቴን ራሷን መፍራት ስትጀምር፣ ወይም አክስቴ ስትታመም። መስመሩን ቀድመን ያሰመርነው ያን ቀን ስንደርስ እንዳንካሰስ ነው። እናቱን ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚያስገባ ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ እቤት ያስቀመጠ ሁሉም ጻድቅ አይደለም።

ቤት ሊመርጡ ከሄዱ

ሠንጠረዤን ለእርስዎ ላሳጥረው።

መጀመሪያ በቀጠሮ ይሂዱ፤ ከዚያ ሳይቀጠሩ በምሳ ሰዓትና በ11 ሰዓት ይመለሱ። ሲገቡ ያሽትቱ፤ አፍንጫ አይዋሽም።

ሌሊት ስንት አስታማሚ ለስንት ሰው እንደሚያድር፣ ተረኛው በስንት ሰዓት እንደሚቀየር ይጠይቁ። ሠራተኞቹ ስንት ጊዜ እንደቆዩ አስታማሚዎቹን ራሳቸውን ያነጋግሩ።

ነዋሪዎቹን በስማቸውና በማዕረጋቸው ይጠሯቸዋል ወይስ «እሺ፣ አንቺ» ይላሉ? ጎንበስ ብለው ዓይን ለዓይን ያወራሉ ወይስ ከላይ ሆነው?

ሰው ሲረበሽ ምን ያደርጋሉ? ማሰር ወይም በክኒን ማስተኛት ካለ፣ ማን ይወስናል? የት ይመዘገባል?

ጾም፣ ሶላት፣ ቋንቋና ምግብ ይጠበቃል? ወሎዬዋ እናትዎ ማሽላ እንጀራ ብትጠይቅስ?

ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ? ሽንኩርት መላጥ፣ ምስር መልቀም፣ አትክልት ማጠጣት ይፈቀዳል ወይስ ቴሌቪዥን ብቻ ነው?

ፈቃዱን ከማን እንዳገኙ፣ ከየትኛው ሐኪም ቤት ጋር እንደሚሠሩ፣ ሕመሙ ሲብስ ያቆዩአት ወይም ይመልሷት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡዎት። ከወርሃዊው ክፍያ ውጭ የሚጨመረውን ሁሉ ያስዘርዝሩ።

በመጨረሻም፣ ይህንኑ ወረቀት ይዘው ቤትዎን ይመዝኑ። ያለ አድልዎ። አሁን የሚያስታምመውንም ሰው፣ ሌላው በማይሰማበት ቦታ፣ «እንዴት ተኝተሽ አደርሽ?» ብለው ይጠይቁ።

ወደ ሲሪንቃ ለመጥየቅ ከሄዱ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመው እዚያ ለሚያውቁት ሰው ደውለው ያረጋግጡ፤ ጥር ላይ ቢሆን ደግሞ አየሩ ደረቅ፣ ማሽላው የገባበት፣ ሰውም የሚያርፍበት ወቅት ነው።

የሄድኩ ቀን እማማ በጨርቅ የተቋጠረ ማሽላ ይዛ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። «ቤትሽ ሩቅ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ሩቅ ነው» አልኳት። እጄን ያዘችና፣ «አብሽሪ፤ ይደረሳል» አለችኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከተመለስኩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ትናንት አክስቴ ደወለች። ስለ እማማ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝና ሰባት ሰዓት ሳትነቃ መተኛቷን ነገረችኝ።